የጆሮ ዕዳ

ሰው የወደደውን ዘፈን ለብቻው ይዞ መቀመጥ አይሆንለትም። ጥሩ ምግብ ያገኘ ሰው በሩን ዘግቶ ሊበላ ይችላል፤ ጥሩ ዘፈን ያገኘ ግን በር ከፍቶ ይጣራል። «ስማ እስቲ ይቺን!» ይልና የሌላውን ፊት ትክ ብሎ እያየ ይጠብቃል። ያኛው ራሱን ከነቀነቀለት ደስታው እጥፍ ይሆናል፤ «ምንም አትልም» ካለው ደግሞ ዘፈኗ ሳትሆን እሱ ራሱ የተናቀ ይመስለዋል። ይህ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም። በውስጡ ቢያንስ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፦ የኔ ደስታ በአንተ መስማማት ላይ የተንጠለጠለው ለምንድን ነው? ሁለተኛው፦ ለመሆኑ ያካፈልኩህ ነገር የኔ ነበር ወይ? የመጀመሪያው የውበት ፍልስፍና ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የግብረ ገብ ጥያቄ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው ሁለተኛው ሳይመለስ የመጀመሪያው ሊመለስ እንደማይችል ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩን ከግቢያችን ሻይ ቤት እንጀምር። እዚያ ከእራት በኋላ የሙዚቃ ክርክር ያልተነሣበት ማታ የለም። አንዱ የፈንክ ወዳጅ ነው፤ ጄምስ ብራውንንና ፌላ ኩቲን፣ ከኛዎቹም ዓለማየሁ እሸቴን በስልኩ ሞልቶ ይዞራል። «ሙዚቃ ማለት ድራምና ቤዝ ነው፤ ሰውነትን ካላነቃነቀ ምኑን ሙዚቃ ሆነው!» ይላል። ሁለተኛዋ የባህል ዘፈን ወዳጅ ናት፤ የአስናቀች ወርቁንና የካሳ ተሰማን ክራር ከሰማች ወዲህ ሌላውን ሁሉ እንደ ጫጫታ ትቆጥረዋለች። «የራስን ጥሎ የሰውን ማንጠልጠል ምን ይባላል?» ትላለች። ሦስተኛው ቅይጡን፣ ፊውዥን የሚሉትን ይወዳል፤ የሙላቱ አስታጥቄን ኢትዮ ጃዝ እየጠቀሰ «እናንተ ገና ናችሁ» ብሎ ሁለቱን ያስታርቃል፤ ማለትም ሁለቱንም ያናድዳል። በመጨረሻ አንድ ሰው ሻዩን ጨልጦ ይነሣና «ኧረ ተዉ እናንተ ልጆች፤ ጣዕም አያከራክርም!» ይላል። ሁሉም ይስማማሉ። በማግሥቱ ማታ ግን ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል።

እንግዲህ ጣዕም የማያከራክር ከሆነ የምንከራከረው በምንድን ነው? ቡና ያለ ስኳር የሚጠጣን ሰው ማንም «ተሳስተሃል» ብሎ እስከ እኩለ ሌሊት አይሟገተውም። ካንት በ1790 ስለ ፍርድ ኃይል ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ልዩነት በሚገባ አስቀምጦታል። «ይህ መጠጥ ይጥመኛል» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ ራሱ ነው፤ «ይህ ነገር ውብ ነው» የሚል ሰው ግን ሁላችንንም ወክሎ ይናገራል፤ ማስረጃ ባይኖረውም እንኳ የሌላውን መስማማት እንደሚገባው አድርጎ ይጠይቃል። የሻይ ቤቱ ክርክር የማይበርደው ለዚህ ነው። የምንሟገተው ስለ ስኳር ሳይሆን ስለ ውበት ስለሆነ ነው።

ከካንት በፊት ሂዩም በ1757 ባወጣው ድርሰቱ ከዶን ኪኾቴ የወሰደውን አንድ ተረት ያነሣል። ሁለት ሰዎች ከአንድ በርሜል ወይን ቀምሰው እንዲፈርዱ ይጠየቃሉ። አንደኛው ወይኑ ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ ቆዳ ቆዳ ይላል ብሎ ይፈርዳል፤ ሁለተኛው ደግሞ ጥሩ ነው፣ ግን ብረት ብረት ይላል ይላል። ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። በርሜሉ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ግን ከሥሩ በቆዳ የታሰረ አሮጌ ቁልፍ ተገኘ። እኔ ከዚህ ተረት የምወስደው ይህን ነው፦ ሁለቱ ቀማሾች ቢለያዩም፣ አንዳቸውም ስለ ራሳቸው ምላስ አልነበረም የተናገሩት። የተናገሩት በርሜሉ ውስጥ ስለነበረው ነገር ነው።

የኛም ክርክር ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። «ይቺን ስማ» ስልህ «እኔን እየኝ» ማለቴ ከሆነ፣ አለመስማማትህ ስድብ ይሆንብኛል፤ እንድትስማማ የመጠየቅ መብትም ከየትም አላገኝም። ለምን ብለህ ለኔ ጌጥ ራስህን ትነቀንቃለህ? ነገር ግን «ይቺን ስማ» ስልህ «እዚህ ውስጥ አንድ ሰው የሠራው ነገር አለ፤ እንዳያመልጥህ» ማለቴ ከሆነ እኔ መልእክተኛ ነኝ። ጥያቄዬ የቀረበው ስለ ሠሪው ነው። ባትስማማም የሚጎዳ ክብር የለኝም፤ ሁለታችንም ወደ በርሜሉ ተመልሰን ቁልፉን እንፈልጋለን። ስለዚህ ደስታዬ በአንተ መስማማት ላይ የመንጠልጠሉ ምሥጢር የተመሠረተው እኔ የነገሩ ባለቤት ባለመሆኔ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የምናየው ግን ተቃራኒውን ነው። መልእክተኛው ራሱን ባለቤት ያደርጋል፤ ዘፈኑም መሰላል ይሆናል። አንተ ያልሰማኸውን ስም ቀድሜ ከጠራሁ አንድ ደረጃ ወጣሁ ማለት ነው። የባህል ዘፈን የምትወደዋ «ፋራ» ትባላለች፤ ፈንክ የሚወደው «ፈረንጅ አምላኪ» ይባላል፤ ፊውዥን የሚወደው ደግሞ «ተመጻዳቂ» ይባላል። ያን ጊዜ ስለ ሙዚቃ መነጋገር አቁመን ማን ከማን ይበልጣል ወደሚለው ገብተናል። ሙዚቃው እየተጫወተ ነው፤ የሚሰማው ግን የለም።

የሦስቱም ወገኖች ትምክህት የቆመው የያዙት ነገር የብቻቸውና ንጹሕ ነው በሚል ሐሳብ ላይ ነው። ታሪኩን ገልጠን ብናይ ግን ይህ አይጸናም። ከባህሉ እንጀምር። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ በአንድ መድረክ ተሰልፈው ስናይ ከጥንት ጀምሮ እንዲያ የነበረ ይመስለናል። ነገር ግን ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የመጡ መሣሪያዎችን በአንድነት ያሰለፈው «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» የተቋቋመው በ1963 ነው። ቦታውም ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል የነበረው ነው፤ መሥራቹም ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ነበር። እንግዲህ «ንጹሕ ባህል» ብለን ከምንሰማው አንዱ ክፍል ራሱ፣ ወደድንም ጠላንም፣ ፊውዥን ነው።

ወደ ዘመናዊው እንሂድ። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አስመጥተው የነፋስ መሣሪያ ባንድ አቋቋሙ፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በኋላ ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባን ኦርኬስትሮች አሠልጥኗል። የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱና የጦር ሠራዊቱ ባንዶች በዚህ በተጠረገ መንገድ የመጡ ናቸው። ዓለማየሁ እሸቴም የወጣው ከፖሊስ ኦርኬስትራ ነው። ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን የነፋው ደግሞ ምንድን ነው? ሽለላና ፉከራ ነው፤ የጦር ሜዳው ጩኸት በናስ ቱቦ ገብቶ ወጣ። ይኸው ሳክስፎን በ2006 ከሆላንዱ የፓንክ ቡድን ከዘ ኤክስ ጋር «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም ሠራ። ሙላቱ አስታጥቄም በ1943 ጅማ ተወልዶ፣ በብሪታንያና በቦስተኑ በርክሊ ተምሮ፣ በ1966 ኒው ዮርክ ላይ የመጀመሪያ አልበሞቹን ያወጣው በአፍሮ ላቲን ስም ነበር። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ እነዚያን አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶች፣ ከጃዝ ስምምነት ጋር ያዋሐደው ከዚያ ሁሉ ጉዞ በኋላ ነው። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የፈረንጁ የቱ ነው፤ የአበሻው የቱ ነው፤ ቅይጡስ ከየት ላይ ይጀምራል? የሻይ ቤቱ ሦስት ጠበኞች ሳያውቁት ከአንድ መሶብ እየበሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልጥ ልጅ ብድግ ይልና «እንግዲያው ሁሉም ከሁሉም ከወሰደ ሙዚቃ የማንም አይደለም፤ ዝም ብለን እንስማ!» ይላል። ደስ የሚል አነጋገር ነው። ነገር ግን እዚህ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። «የማንም አይደለም» እና «የሁሉም ነው» የሚሉት ሁለት አባባሎች መንትያ ይመስላሉ እንጂ መንትያ አይደሉም። ትዝታን እንውሰድ። ማን ደረሰው? አንድ ደራሲ የለውም፤ በየትውልዱ አንዱ ስንኝ ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ነው። ይህ የሁሉም ነው። የሁሉም የሆነ ነገር ግን ጠባቂ አለው፤ ያወረሰን፣ የዘፈነው፣ በየሠርጉና በየጠላ ቤቱ ያቆየው ሰው አለ። የማንም ያልሆነ ነገር ግን ሜዳ ላይ የወደቀ ነው፤ ያነሣው ሁሉ ኪሱ ይከተዋል።

ያቆየውስ ማን ነው? በብዙ የአገራችን ክፍል ያቆየው አዝማሪው ነው። እዚህ ላይ የኅብረተሰባችንን አንድ ኃጢአት በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ለብዙ ዘመን የአዝማሪውን ዘፈን ወደድን፤ አዝማሪውን ግን ናቅን። ማሲንቆው ካልመጣ ድግሱ አይደምቅም፤ ማሲንቆ መቺው ግን ልጃችንን ሊያገባ ሲጠይቅ ፊታችን ይጠቁራል። «አዝማሪ» የሚለው የሙያ ስም እስከ ዛሬ በጠብ መሐል እንደ ስድብ ይወረወራል። ጆሮ አከበረ፤ አፍ አዋረደ። ይህ ልማድ የአያቶቻችን ብቻ ከመሰለን ስልካችንን እንፈትሽ። ከእጅ ወደ እጅ ከሚተላለፈው ዘፈን ውስጥ ስንቱ ነው «ትራክ 03» ተብሎ የተቀመጠ? ዘፋኙ አይታወቅ፣ ግጥሙን የጻፈው አይታወቅ፣ ቤዙን የመታው አይታወቅ። በየመኝታ ክፍሉ እየዞረ ስሙ «የእነ እገሌ ክፍል ዘፈን» ሆኖ ይቀራል። የላኪው ስም ይታወቃል፤ የሠሪው ስም ጠፋ። እንግዲህ መልእክተኛው ባለቤት ሆነ ያልኩት ይህንን ነው።

የፈንክ ወዳጃችን ይህ የኛ ችግር ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። በ1969 ጄምስ ብራውን «ፈንኪ ድራመር» የተባለውን ዘፈን ሲቀርጽ ድራሙን የመታው ክላይድ ስተብልፊልድ ነበር። በዘፈኑ መሐል ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ድራሙ ብቻውን የሚቀርባት ጥቂት ሴኮንድ አለች። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የራፕ ሙዚቃ ሠሪዎች ያቺን ቦታ እየቆረጡ ከ1,000 በላይ በሆኑ ዘፈኖች ውስጥ ከተቱት። ስተብልፊልድ ግን የዘፈኑ ደራሲ ተብሎ ስላልተመዘገበ ከዚያ ሁሉ የደረሰው ከምንም አይቆጠርም። የሁላችንንም እግር ያንቀሳቀሰ እጅ ነበር፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። በካንሰር በታመመ ጊዜ የሕክምናውን ዕዳ በስውር ከከፈሉለት አንዱ ታዋቂው ሙዚቀኛ ፕሪንስ ነበር፤ ነገሩ የተሰማው ፕሪንስ በ2016 ከሞተ በኋላ ነው። ስተብልፊልድ ራሱ በ2017 አረፈ። ፕሪንስን ማንም ፍርድ ቤት አላስገደደውም። ጆሮው ዕዳ እንዳለበት ያወቀ አድማጭ ነበር ማለት ነው።

«እሺ፤ ግን እኛ ተማሪዎች ነን፤ የምሳ እንኳ በመከራ ነው፤ ዘፈን ገዝተን ልንሰማ ነው እንዴ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ተቃውሞ ነው፤ በቀላሉም አይታለፍም። እንዲያውም ላጠናክረው። ያለ ፈቃድ መገልበጥ አንዳንዴ ሙዚቃን ከሞት አድኗል። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት የነበረው የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር፤ አምሃ ያንን ጥሶ ነው እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን ያሳተመው። ከ1974 በኋላ ደግሞ በሰዓት እላፊው ምክንያት የሌሊቱ የሙዚቃ ሕይወት ሲዳፈን ዘፈኑን ከቤት ወደ ቤት ያዞረው ካሴት ነው፤ ከካሴት ወደ ካሴት መገልበጡም የተለመደ ነበር። ደንብ ብቻ ቢከበር ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ብዙው ነገር አይኖርም ነበር።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን አምሃ ደንቡን ሲጥስ የዘፋኙን ስምና ፎቶግራፍ በሸክላው ልባስ ላይ አትሞ ነው የጣሰው። እኛ የምንጥሰው ግን ስሙን ፍቀን ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ገንዘብ የሌለው ሰው ገንዘብ አይጠየቅም፤ ሕግም ግብረ ገብም ከሌለው አይወስድም። ስም መጥራት ግን ስንት ብር ይፈጃል? በ2004 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው ሌላ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ አሳታሚውም መብት ሰጥቷል። ይሁንና አዋጁ በሻይ ቤት ውስጥ ከኛ ጋር አይቀመጥም። እዚያ የሚቀመጠው ኅሊና ብቻ ነው።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ይህን ነጥብ ያብራራልኛል። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ በ1977 «ቸ በለው» የተባለውን አልበም ሠሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና ሲንተሳይዘር እያነባበረ አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ በዋሺንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ በመኪናው ውስጥ ኪቦርዱን ይለማመድ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው። ሰውየው ገልብጦ ዝም ማለት ይችል ነበር፤ እሱ ግን ባለቤቱን ፈልጎ ደወለለትና አስፈቀደው። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ካሴቱ ባሕር ዳር ላይ ማንም ሲሰማው ኖሯል። ለውጡን ያመጣው «ይህን የሠራው ሰው የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

በዚህ ታሪክ የሚናደዱ አሉ። «ኢትዮፒክስ የተባለውን የሸክላ ስብስብ ከ1997 ጀምሮ ያወጣው ፈረንሳዊ፤ የኃይሉን ካሴት ያነሣው አሜሪካዊ፤ ሙላቱን ለወጣቱ ዓለም ያስተዋወቀው በ2005 የወጣው የጃርሙሽ ፊልም! የራሳችንን ፈረንጅ ካልነገረን አንሰማም ወይ?» ይላሉ። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት በኛ ላይ ደርሷል፤ አይካድም። እኔ ግን ማፈር ያለብን ከሌላ ሰው እጅ በመቀበላችን አይመስለኝም። ሁሉም ከሁሉም ተቀብሏል ብለን የለም? የሚያሳፍረው መዳብ ነው ብለን የጣልነው ወርቅ ሲመለስልን፣ አሁንም አንጥረኛው ማን ነው ብለን አለመጠየቃችን ነው። ሙዚቃውን «ፈረንጅ የወደደው» ስለሆነ የምንወድ ከሆነ መሰላሉን ቀየርን እንጂ ከመሰላሉ አልወረድንም።

እንግዲህ የጆሮ ዕዳ በምን ይከፈላል? እኔ ሦስት ነገር ይታየኛል። አንደኛ፣ ስም ነው። ዘፈን ስትሰጥ የዘፋኙን፣ የሚታወቅ ከሆነም የገጣሚውንና የተጫዋቹን ስም ይዘህ ስጥ፤ ካላወቅህ ጠይቅ። ሁለተኛ፣ በተራ መስማት ነው። ጉርሻ የሚያጎርስ ሰው የሌላውንም ጉርሻ መቀበል አለበት፤ ማጉረስ ብቻ የሚወድ ሰው የሚወደው እጁን ነው። ፈንኩን ያሰማህ ሰው የክራሯን ልጅ ዘፈን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለህ ስማ፤ በመሐል «እሺ ገባኝ» ብለህ አታቋርጣት። እሷም እንዲሁ ታድርግልህ። ሦስተኛ፣ ሲኖርህ ክፈል። የዛሬ ተማሪ ነገ ደመወዝተኛ ነው፤ በነፃ ያሳደገህን ሙዚቃ ያን ጊዜ ልታስታውሰው ይገባል። አዝማሪ ቤት ገብተህ ስትሰማም የሸለምከው ብር ብቻ አይበቃም፤ ሲወጡ ስለ ሰውየው የምትናገረው ቃል የክፍያው ግማሽ ነው።

አንዳንዶች ይህን ሲያነቡ «ለአንዲት ዘፈን ይህ ሁሉ ሕግ!» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን ጉዳዩ ከዘፈን የሚያልፍ ይመስለኛል። በትንሹ ነገር የሠሪውን ስም መፋቅ የለመደ እጅ በትልቁም ነገር ይፍቃል። የምንበላው እንጀራ፣ የምንቀመጥበት ወንበር፣ የምናነበው መጽሐፍ ሁሉ ሠሪ አላቸው፤ ሁሉንም መጥራት አንችልም። ዘፈን ግን የሠሪው ድምፅ ራሱ ወደ ጆሯችን የሚገባበት ነገር ነው። ትንፋሹን እየሰማነው ስሙን ካልጠየቅን ሌላውን መቼ ልንጠይቅ ነው?

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይባላል። አብዛኞቹ የዘፈን ባለቤቶች ግን ሊጮኹ አይችሉም፤ ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ስማቸው ጠፍቷል፣ አንዳንዶቹ ምናልባት ዛሬም ታክሲ እየነዱ ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ተረቱን አልቀበለውም፤ ጎረቤቱ ቀድሞ መጮኽ አለበት። ተቃውሞ ያላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉ፤ በተለይ የክራሯ ወዳጅ ዝም እንደማትል አውቃለሁ። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ ለጓደኛችሁ አንድ ዘፈን ስትልኩ፣ ከመላካችሁ በፊት «ትራክ 03» የሚለውን አጥፉና ስም ጻፉበት።